ለአንድ ጠረጴዛ ዋስ

አጭር ነው፤ ግን ይደጋገማል። ታገሱኝ።

ልጅ እግር ሳለሁ አንድ ጠረጴዛ ፈለግኩ። ሌላ አልፈለግኩም። ቀበና ከአምስት ሰው ጋር በምጋራት ክፍል ከፍራሽ በቀር ምንም አይገባም። ግማሽ ተውኔት ነበረኝ። ቴአትር ቤቱ «ለመስቀል ካላደረስክ የሌላ ሰው እንወስዳለን» ብሎኛል። በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፤ አልሄድ አለኝ።

ከሰፈራችን ከፍ ብሎ አንድ ትልቅ ግቢ አለ። አቤኔዘር የሚባል ሰው ተከራይቶ ለጥበብ ሰዎች የጋራ መሥሪያ አደረገው። ለአባላት ብቻ። አባል ለመሆን ከውስጥ ዋስ ያስፈልጋል። በሩ ዝግ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ካልገባሁ አለ፤ በዓመቱ ግቢው ሞላ። አንድ ጠረጴዛ ብቻ ባዶውን ቀረ። በበሩ ስንጥቅ ይታየኛል።

ዘበኛውን ጋሽ ደምሰውን ያስገቡኝ አልኳቸው።

«ዋስህ ማነው?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጠረጴዛም የለህም።»

ከአባላቱ አንዷን ሠዓሊዋን ማስተዋልን ከበሩ ስትወጣ ጠብቄ ዋስ ሁኚኝ አልኳት።

«እሆንሃለሁ። መጀመሪያ ያ ጌዲዮን ጊታሩን ይዞ ከመስኮቴ ይነሳልኝ። ብርሃኔን ጋረደው።»

ጌዲዮን አይነሳም፤ ማስተዋል ዋስ አትሆንም፤ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ እኔም ጠረጴዛ የለኝም።

ጌዲዮንን ለመንኩት። «ወዴት ልነሳ ወንድሜ? ፎቶ አንሺው ይትባረክ ክፍሌን በመብራት ሞልቶታል።»

ይትባረክ መብራቱን አያነሳም፤ ጌዲዮን አይነሳም፤ ማስተዋል ዋስ አትሆንም፤ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ እኔም ጠረጴዛ የለኝም።

ይትባረክ ተቆጣ። «የት ልውሰደው? አናቴ ላይ? አቤኔዘር የጓሮውን ክፍል እሰጥሃለሁ እንዳለኝ ቀረ!»

አቤኔዘርን ከመኪናው ሲወርድ ያዝኩት። «የጓሮው ቁልፍ እኮ በቤቱ ባለቤት በእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ነው። ዛሬ ነገ ይሉኛል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ቁልፍ አይሰጡም፤ አቤኔዘር ክፍል አይሰጥም፤ ይትባረክ መብራቱን አያነሳም፤ ጌዲዮን አይነሳም፤ ማስተዋል ዋስ አትሆንም፤ ጋሽ ደምሰው አይከፍቱም፤ እኔም ጠረጴዛ የለኝም። ደከመኝ።

እቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ አዩኝ። «ለአንድ ጠረጴዛ ይህን ሁሉ ሰው ዞርክ? በል ተነስ፣ ቁልፉን እኔው አደርሰዋለሁ።» ቁልፉን ይዘው ወጡ። አብሬያቸው ሄድኩ።

ጋሽ ደምሰውን የቀጠረው አቤኔዘር ነው፤ ሴትዮዋን አያውቋቸውም።

«አባል ነዎት?»

«ቤቱ የኔ ነው!»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል። ዋስዎ ማነው?»

«ጋሼ፣ እሳቸው እኮ…» አልኩ።

«አንተ ዝም በል! ላንተም ዋስ ጠፍቷል።»

እትዬ ጥሩወርቅ ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ መለሱት። «በገዛ ደጄ? ዋስ?» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ወር የኪራይ ውሉ ሲያልቅ አላደስም አሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ አቤኔዘርን አስለቀቁ፤ አቤኔዘር ይትባረክን አሰናበተ፤ ይትባረክ መብራቱን አነሳ፤ ጌዲዮን ከመስኮቱ ተነሳ፤ ማስተዋልም ብርሃኗን አገኘች። ሸራዋን ታቅፋ ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«አሁን ዋስ እሆንሃለሁ» አለች።

«ለየትኛው ቤት?» አሏት ጋሽ ደምሰው። የሳቀ የለም።

ግቢው ባዶ ቀረ፤ ጋሽ ደምሰውን ግን እትዬ ጥሩወርቅ በዘበኝነት አስቀሯቸው። ጠረጴዛው የቤቱ ነበርና ከቦታው አልተነቃነቀም። እትዬ ጥሩወርቅ ወደ በሩ አስጠሩኝ።

«ተከራይ እስካገኝ ተቀመጥና ጻፍ። ግን የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም። ዋስ አለህ?»

 አሁን ደግሞ ወደ ማን ልሂድ?

ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አለሁለት» አሉና በሩን ከፈቱ።

ተቀመጥኩ። ተውኔቱ ለመስቀል ደረሰ።

ታዲያ ጋሽ ደምሰው ሁልጊዜ ጠዋት በሩ ላይ ያስቆሙኛል።

«ዋስህ ማነው?»

«እርስዎ።»

«ግባ።»