ከጌታው ጋር የሚተኛው አምፖል

ተረት ተረት! «የመብራት በረት» በሉኝ፤ የላሙንስ ጠግበነዋል።

ድሮ ድሮ፣ አያ ኩኩሉ የሚባል አውራ ዶሮ ነበረ። ጭራውን ሲዘረጋው ለሠርግ ዳስ ይበቃል! ከመቶ ሚስቶቹ ሦስት ቀርተውታል፤ የቀሩትን እመት ሽለምጥማጥ በልታበታለች።

ጌታው ጋሽ እንግዳወርቅ «ኤሌክትሪክ ማለት እኔ ነኝ» ባይ ናቸው። ከመኝታ ቤታቸው አምፖል ሽቦ ቀጥለው፣ በግድግዳው አሹልከው፣ ከዶሮው ቤት በላይ ሌላ አምፖል ሰቀሉ። ደጁ ቦግ! ጉንዳን እንኳ የዝሆን ጥላ አወጣ።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ሌባ!» አለ አያ ኩኩሉ ደረቱን ነፍቶ።

«ምን አስቸኮለኝ ወንድሜ? ጌታህ ይተኛ» አለች ሽለምጥማጥ ካጥሩ ሥር።

ጋሽ እንግዳወርቅ ሊተኙ ማጥፊያውን ቀጭ! ደጁም ድርግም! አንዷ ዶሮ ሄደች።

በማግስቱም ቀጭ፣ ድርግም! ሁለተኛዋ ሄደች። ቀረች ገብስማ ብቻ።

አያ ኩኩሉ አምፖሏን ተቆጣት። «ዘብ ነኝ ብለሽ ትተኛለሽ?»

«ምን ላድርግ አያ ኩኩሉ? የምጎርሰው የመኝታ ቤቷን እህቴን ትራፊ ነው። ማጥፊያው የሷን ጉሮሮ ሲዘጋ የኔም ይዘጋል። ጌታህ ከማጥፊያው በፊት ካለው ሽቦ ቢያጎርሰኝማ፣ እስኪነጋ ዓይኔን አልከድን!»

«ንገሪው ታዲያ!»

«ኤሌክትሪክ እኔ ነኝ ያለን ሰው፣ ኤሌክትሪክ ይመክረዋል?»

በሦስተኛው ምሽት አያ ኩኩሉ ሹልክ ብሎ መኝታ ቤት ገባና ከማጥፊያው አጠገብ ወንበር ላይ ጉብ አለ። ጋሽ እንግዳወርቅ ቀጭ! ኩኩሉ በምንቃሩ ቋ፣ ቦግ! ቀጭ! ቋ! ቀጭ! ቋ!

«ዛሬስ ወጥ ትሆናታለህ!» ብለው ጋሽ እንግዳወርቅ ቢላ አነሡ። ኩኩሉ በመስኮት፣ ጋሽ እንግዳወርቅ በበር፣ ተያይዘው ደጅ!

እመት ሽለምጥማጥ ለካ በቀጭ ተንደርድራ አንገቷን ዶሮው ቤት ስትከት፣ በቋ ብርሃን አፍጥጦባት ደርቃ ቀርታለች፤ የገብስማ ላባ ጢሟ ላይ ተጣብቋል።

«እሜቴ፣ እራት ተገኘ?» አለ ኩኩሉ።

ጋሽ እንግዳወርቅ ሲጮሁባት ፈረጠጠች። ሰባት አገር አቋርጣ ዛሬም እየሮጠች ነው።

ጋሽ እንግዳወርቅ አምፖሏን አዩ፤ መኝታ ቤታቸውን አዩ። «ወይ ጉድ! ለካ ዘቤን አቅፌ ነው የተኛሁት!»

ሲነጋ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተው፣ የደጁን ሽቦ ከማጥፊያው በፊት ቀጠሉት። ለኩኩሉ የተሳለው ቢላም ሽቦ ተላጠበት።

ከጌታው ጋር የሚተኛ ዘብ፣ ለሌባ ምንጣፍ ያነጥፋል።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርና አፌን በገብስማ እንቁላል አብሱ!