እንቁራሪት ለፌንጣ የሰጠችው ግጥም

ተረት ተረት፤ የሰማ ይንገር ለጎረቤት።

በዘፈን ከእኔ በላይ ላሳር የምትል፣ ዜማዋን ግን ማንም የማያዜምላት እንቁራሪት ነበረች። በጦጣ ሠርግ ላይ ፌንጣ እግሩን እንደ ማሲንቆ እየገዘገዘ እንግዳውን ሁሉ ሲያስጨፍር ቅናት አንጨረጨራት። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም እምቢ አይልምና፣ በራሱ አፍ ልታዋርደው «ተቀበል» አለችው፦

«ቀጭን እግር ብቻ አወረሰኝ አባቴ፣
ሣሩ የደረቀ ዕለት ያን ዕለት ነው ሞቴ።»

ፌንጣ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ ሲያዜመው ዝሆን ሳይቀር አለቀሰ።

«ግጥሙ እኮ የእኔ ነው» አለች እንቁራሪት።

«እውነቷን ነው» አለ ፌንጣ።

እንግዶቹ «አቤት ትሕትናው» ብለው የባሰ ወደዱት።

ሣሩ ደረቀ፤ ፌንጣም ሞተ፤ ዘፈኑ በስሙ ቀረ። እንቁራሪት ግን ዛሬም ዝናብ በጣለ ቁጥር ጉሮሮዋን ነፍታ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» ትላለች።