የአርሊንዶ ፊሽካ

በአንድ ወቅት በብራዚል አገር፣ ውሃው ክረምት ከበጋ በሚደፈርስ ወንዝ ዳር፣ አርሊንዶ የሚባል የመሀል ሜዳ ተጫዋች ነበር። ኳስ ከመቀበሉ በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ የሚያይ፣ ኋላውን የማይረሳ አማካይ ነበር። አንድ እሑድ ጉልበቱ አብጦ «አስወጡኝ» ቢል አሰልጣኙ «ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው!» አለው። ቻለው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ተከላካይ ሁለት እግሩን አንስቶ ገባበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተመልካቹ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አርሊንዶ ሮጦ አያውቅም።

ኳስን ግን አልተወም፤ የዚያው ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። ክለቡ ሁለት የቆዩ ልማዶች ነበሩት። የተሸነፈ አሰልጣኝ በጓሮ አይሾልክም፤ በፊት ለፊቱ በር፣ በደጋፊው መሀል አልፎ ይወጣል። ሥራውን የሚለቅ አሰልጣኝ ደግሞ ከተጫዋቾቹ አንዱን መርጦ ፊሽካውን አንገቱ ላይ ያጠልቅለታል፤ ያም ተተኪው ይሆናል። ልማድ ሲያምር እንጂ ሲገድል ማን አየው!

የዋንጫው ግጥሚያ ቀን ክለቡ አንድ ለባዶ እየመራ ሳለ አርሊንዶ ኤቫንድሮን ሲያነክስ አየው። ኤቫንድሮ ከተማው የሚምልበት ወጣት አማካይ ነው። አርሊንዶ የገዛ ጉልበቱ ትዝ አለው።

«ውጣ» አለው።

«ደህና ነኝ፣ አሰልጣኝ!»

«ዋንጫ ቢቀር ይቅር፣ ጉልበት አይበቅልም። ውጣ።»

ኤቫንድሮ ሲወጣ መሀል ሜዳው ወና ሆነ። አንድ ጎል ገባባቸው። ሁለተኛው በተከላካዩ በኦስማር ስህተት ገባ፤ ዋንጫውም ሄደ። ከደጋፊው መሀል አንዱ «አሰልጣኙ ሸጦናል!» ብሎ ጮኸ። ለተናደደ ሰው ይህች አንዲት ቃል ትበቃዋለች።

«አሰልጣኝ፣ ዛሬስ በጓሮ ይውጡ» አሉት ተጫዋቾቹ።

«በጓሮ የሚወጣ ሌባ ነው» አለና በፊት ለፊቱ በር ወጣ። ዕድሜ ልኩን በትከሻው ላይ ዞር እያለ ሲያይ የኖረ ሰው ያን ዕለት ኋላውን አላየም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የደጋፊዎቹ መሪ ቫልሚር ብረት ይዞ ከኋላው መጣና ጭንቅላቱን አለው። አርሊንዶ በግንባሩ ተደፋ።

ኦስማር ከበሩ ዘሎ ሊከልለው በላዩ ላይ ወደቀበት። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለውን ተረት የሰማ አይመስልም። ብረቱ የኦስማርን ክንድ ሰበረው፣ ጎኑን ሰበረው፣ እንደገናም ክንዱን። አርሊንዶ ከሥር ሆኖ የያንዳንዱ ምት ንዝረት በጀርባው ይሰማው ነበር፤ የኦስማር ደም በአንገቱ እየወረደ ደረቱን አራሰው። «ተነሳ፣ ተወኝ፣ ትሞታለህ» ሊለው ፈለገ፤ አፉ አፈር ሞልቶት ነበር።

የቡድኑ በረኛ ቤኔዲቶ ደረሰ። እሾህ በእሾህ ይነቀላል ብሎ ብረቱን ከቫልሚር እጅ ነጠቀና አናቱን አንድ ጊዜ መታው። ቫልሚር ወደቀ፤ አልተነሳም። ሕዝቡ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ቤኔዲቶ ሁለቱን ቁስለኞች ጎትቶ አስገባና በሩን ዘጋ። ግን የመሪያቸውን ደም ያዩት ባሰባቸው፤ «ከነነፍሳቸው ይቃጠሉ!» እያሉ ቤንዚን አምጥተው በሩ ላይ ማርከፍከፍ ጀመሩ።

ይህን ጊዜ ኤቫንድሮ እያነከሰ ወደ ስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ወጣ።

«እግሬን አላመመኝም!» አለ። «አታልዬው ነው የወጣሁት። ግጥሚያውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ አሰልጣኙ አያውቅም!»

ውሸቱን ነበር። ሕዝቡ በሩን ትቶ ወደ እሱ ዞረ። ሲሸሽ ወንዙ ዳር ያዙት። አርሊንዶ ዋንጫ ከስሮ ያተረፈለትን ያንኑ ጉልበት በድንጋይ ቀጥቅጠው ሰባበሩት፤ ውሃ ውስጥም ጣሉት። ዓሣ አጥማጆች ትንፋሹ ሳይወጣ አወጡት። የእናቱን ቤት ግን አቃጠሉት፤ ዛሬም ስሙ ሲጠራ ከተማው ምራቁን ይተፋል።

አርሊንዶ ተረፈ፤ የአንድ ዓይኑ ብርሃን ግን ጠፋ፣ ሥራውንም መልቀቅ ግድ ሆነበት። ፍርድ ቤቱ ቤኔዲቶን ሰው ለማዳን ነው የመታው ብሎ ለቀቀው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም አዳኞቹ፣ ተተኪውን ሊመርጥ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አርሊንዶ ፊት ተቀመጡ።

ኦስማር የሰለለ ክንዱን በሌላው እጁ ደግፎ «እኔ ባልወድቅብዎ ኖሮ ቤኔዲቶ የሚያገኘው ሬሳዎን ነበር» አለ።

«እኔ ባልደርስ ሁለታችሁም ሬሳ ነበራችሁ» አለ ቤኔዲቶ። «አንተ አጥንትህ ተሰበረ፤ እኔ ነፍስ አጠፋሁ። የቱ ይከብዳል?»

ኤቫንድሮ በምርኩዙ መሬት መሬቱን ጫረ። «ያ በር ቢቃጠል ሦስታችሁም አመድ ነበራችሁ» አለ። «ግን ለእኔ አይስጡኝ፣ አሰልጣኝ። ከሰጡኝ መዋሸቴ ይታወቃል፤ ያን ጊዜ ሻጩ ማን ነበር ይላሉ፣ ጣታቸው ወደ እርስዎ ይመለሳል።» ምርኩዙን ወደ ጎን አስቀመጠ። «እናቴ ግን የሌባ እናት ተብላ ባትሞት ደስ ይለኝ ነበር።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ይህ ልጅ ግን በቁሙ ቀብሮታል። አርሊንዶ «እውነቱን ለሕዝቡ እናገራለሁ» ሊል አፉን ሲከፍት ከውጭ ድምፅ ሰማ። ጥቁር የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆማለች፤ የቫልሚር እናት ናት።

«አርሊንዶ!» አለች። «ለገዳዩ ካጠለቅህለት ልጄን ሁለተኛ ቀበርከው!»

አርሊንዶ ተነሳ። በቀረችው ዓይኑ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አየ፣ እንደ ጥንቱ። ሜዳው ላይ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጠብቃል። የፊሽካውን ገመድ በሁለት እጁ ዘርግቶ ሦስት አንገቶች ፊት ቆመ።

እኔን አትዩኝ፤ እኔ ብዙ ጊዜ ፈርጄ ብዙ ጊዜ ሽሬዋለሁ። እናንተ ፍረዱ እንጂ፤ በእሱ ስህተት ጎል ገብቶ አጥንቱን ለከፈለው ለኦስማር፣ ሕይወት አድኖ ሕይወት ላጠፋው ለቤኔዲቶ፣ ወይስ በውሸት ሁሉን አድኖ እውነቱ ከወጣ አሰልጣኙን ለሚያስገድለው ለኤቫንድሮ፤ ፊሽካው የሚገባው ለማን ነው?