አህያዋና ውርጭ የመታው አጥር

አንድ ጊዜ ውርጭ በሚበረታበት ደጋ፣ ከምንጭ ዳር ባለች ለም መሬት ላይ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ኑሮዋ የሞላ ነበር፤ የአገሩ ገዥ አንበሳ አዋጅ እስኪያስነግር ድረስ።

«ማንም ማንንም እንዳይነካ! መሬት ያለው ሁሉ ዙሪያውን በሚያብብ ተክል ይጠር። የበልግ ዝናብ ሲያባራ መጥቼ አያለሁ። አጥር የሌለውን አስለቅቄ መሬቱን ለመሬት አልባ እሰጣለሁ።»

በዚያ አገር መሬት አልባው ጅብ ብቻ ነበር። የራሱን መሬት ድሮ በአንድ የበሬ ቅልጥም ለውጦ በልቶታል።

አህያ ጭንቅ ያዛት። የተከለችውን ሁሉ ውርጭ ይፈጅባታል። አንድ ቀን ጎረቤቷ ቀበሮ ከራሷ አጥር የቆረጠቻቸውን ለጋ ቁራጮች በአፏ ይዛ መጣች።

«እሜቴ አህያ፣ ይሄ ፉሽያ ይባላል። አበባው እንደ ጉትቻ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ብርድም ይችላል። እንቺ ትከዪው።»

አህያ ጆሮዋን ቀሰረች። ቀበሮ በነጻ ስትሰጥ ማን አይቶ ያውቃል? እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር።

«ምን ፈልገሽ ነው እመት ቀበሮ?»

«ጅብ እዚህ ከሰፈረ ጎሬዬ ደጃፍ ላይ ሊያድር ነው። ሲርበው አዋጅ አያስታውስም፤ ልጆቼን ይበላብኛል። ከአንጓው ሥር ቆርጬልሻለሁ፤ የታች ቅጠሉን አራግፊና ጥላ ቦታ፣ እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ሰክተሽ ተይው። ሥር እስኪሰድ እንዳትነካኪው!»

አህያ ተከለችው። ግን ምን አስተኛት! «ለምን አትንኪው አለችኝ? ከሥሩ ምን ቀብራብኝ ይሆን?» እያለች በየማለዳው እየነቀለች ታይና መልሳ ትሰካ ጀመር። ቁራጮቹ ሁሉ ጠወለጉ። ቀበሮ ይህን ስታይ ሌላ ቆርጣ አመጣች፤ ራሷ ተከለችውና ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጠበቀችው። አህያ ደግሞ፣ «በአትክልት አሳብባ ቤቴን ትሰልላለች» ብላ እሷን ትጠብቅ ነበር።

ተክሉ ሥር ሰደደ። በድንበሩ ዙሪያ አዛወሩት፤ መስከረም ላይ ቀይና ሐምራዊ አበባ ተንዠረገገበት። አህያ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ለቀበሮ ግን ፊቷን አልፈታችላትም። ደስታዬን ካየች ውለታ ትቆጥርብኛለች ብላ ፈራች።

ቀበሮ ግን ሌላ ምክር ነበራት። «ውርጭ ሲመታው ይጠቁራል፣ የሞተም ይመስላል። እንዳትደነግጪ፤ ሥሩ ከአፈር በታች ሕያው ነው። ግርጌውን ገለባ አልብሺው። የበልግ ዝናብ ሲጥል ከሥሩ ያቆጠቁጣል።»

«የሚሞት ነገር ሰጥታ ሰበቡን ከወዲሁ ታዘጋጃለች!» አለች አህያ በልቧ።

ኅዳር ላይ ውርጩ ወረደ። አጥሩ ባንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። አህያ ገለባውን ራሷ በልታው ስለነበር ግርጌው ባዶ ነበር። ቆማ ስትብከነከን ጅብ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለ።

«አየህ አያ ጅቦ? ደረቀ!»

«ደረቀ» አለ ጅብ። እሱ የሚያየው የአህያዋን የኋላ እግር ነበር።

«ቀበሮ ሆን ብላ ነው፣ አይደል?»

«ሆን ብላ ነዋ!»

«ሥሩ መርዝ ሳይሆን አይቀርም። መሬቴን ሊያበላሽብኝ!»

«መርዝ ነው፣ መርዝ!»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ጅብ ግራ ገባው። ይህን ያህል ማሰብ አልለመደም። «አንቺ ምን ይሻላል ትያለሽ?»

«ነቅዬ ብጥለውስ?»

«ንቀዪው!»

አህያ በጥርሷም በኮቴዋም ነቀለችው። ሥሮቹ ውስጣቸው ነጭና እርጥብ ነበር፤ እሷ ግን ልብ አላለችም። ልብ ብትልም መርዙ ነው ማለቷ አይቀርም ነበር። ነቅላ ስትጨርስ፣ «እስከዛሬ የተረዳኝ አንተ ብቻ ነህ» ብላ ጅብን አመሰገነችው።

የበልጉ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ አንበሳ መጣ። መጀመሪያ ያየው የቀበሮን አጥር ነበር። ውርጭ ያደረቀው አሮጌ ግንዱ እንደቆመ፣ ከግርጌው አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ለምልሟል፤ አበባም ተንጠልጥሎበታል። ቀጥሎ አህያ ዘንድ ሄደ።

«አጥርሽ የታለ?»

«ደርቆ ነበር ጌታዬ፤ ነቀልኩት።»

«የቀበሮም ደርቆ ነበር» አለ አንበሳ፤ መሬቱንም ለጅብ ሰጠ።

ቀበሮ ፍርዱን እንደሰማች ልጆቿን ሰብስባ ከአገር ወጣች። አህያ መንገድ ላይ አግኝታት ይቅርታ ልትጠይቃት አፏን ከፈተች፤ ቀበሮ ግን ዞራም አላየቻት። አህያ በንዴት ወደ ጅብ ተመለሰች።

«ሥሩ ሕያው መሆኑን እያወቅህ ነው ያስነቀልከኝ?»

«እኔ?» አለ ጅብ፣ ከልቡ ገርሞት። «እኔ ስለ ተክል ምን አውቄ! አንቺ ያልሽውን ነው ያልኩት።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሁሉን የሚጠራጠር ሰው በመጨረሻ አምኖ የሚከተለው የገዛ ጥርጣሬውን መልሶ የሚያሰማውን መሆኑን ነው።