ያጠረው የወይራ ዘንግ

በአላህ ስም እጀምራለሁ። የእጅ ጽሑፌ ጠማማ ስለሆነ፣ ፊደልም ስለማሳስት አንባቢዎች ይቅር በሉኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ እሱንም የጨረስኩት በጭንቅ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ተናገሪ ስባል ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ የመድረሳችን ኡስታዝ፣ "እንግዲያው የሰማሽውን ጽፈሽ የግድግዳው ጋዜጣ ላይ ለጥፊው" አሉኝ። እኔም ከእሳቸው የሰማሁትን የሸኽ ሚፍታህን ታሪክ መረጥኩ።

ሦስት አገሮች በሚገናኙበት ቦታ አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች። ስሟን ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ከቆላው አገር ጨው የጫኑ ግመሎች ይመጣሉ፤ ከደጋው አገር እህል፣ ከባሕሩ አገር ደግሞ ጨርቅ ይመጣል። ሁሉም ሐሙስ ሐሙስ እዚያች ከተማ ገበያ ይገናኛሉ። ገንዘባቸው ግን አንድ አልነበረም። የደጋው ሰው በብረት፣ የባሕሩ ሰው በዶቃ፣ የቆላው ሰው በጨው ይገበያይ ነበር። መንዛሪዎች መሀል ተቀምጠው ከሁሉም ይቆርሳሉ። "ማሽላ ልገዛ ሄጄ፣ ስመነዝር ማሽላው አለቀብኝ" ይባል ነበር በዚያ ዘመን።

ከብዙ ጠብ በኋላ የሦስቱ አገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ። "የሁላችንም ገንዘብ አንድ ይሁን፤ እሱም አሞሌ ይሁን" ተባባሉ። አሞሌ ከክንድ ያነሰ የጨው ጡብ ነው። ግን ልኩን ማን ይጠብቅ? የቆላው ሰው የደጋውን አያምንም፤ የደጋው ሰው የባሕሩን አያምንም። ሦስቱም የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እሳቸውም ሸኽ ሚፍታህ ነበሩ።

ሥራቸው እንዲህ ነበር። ግመለኞቹ አሞሌውን ትንሽ አስረዝመው ያመጡላቸዋል። ሸኹ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያቆሙትና ከወይራ ዘንጋቸው ጋር ያስተያዩታል። ከዘንጉ የተረፈውን በመጋዝ ይቆርጣሉ። ከዚያ በልጥ፣ በዛፍ ልጣጭ፣ አስረው በራሳቸው አቋጣጠር ይቋጥሩታል። የእሳቸው ቋጠሮ ያለበት አሞሌ በሦስቱም አገር ሳይለካ ይወሰድ ነበር። ቁራጩ በውሉ መሠረት የድካማቸው ዋጋ ነው። ከእሱ ጥቂት እየበሉ፣ ለሚስኪን እየሰጡ፣ የቀረውን ሸጠው ለሐጅ ያጠራቅሙ ነበር። በሃያኛው ዓመት ለጉዞው የሚበቃ ሞላላቸው።

በዚያው ዓመት አንድ ሐሙስ፣ እማ ሩቅያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ለዘር የሚሆን ማሽላ ልትገዛ መጣች። ቡሽራ የሚባል ምላሰኛ የእህል ነጋዴ ዘንድ ሄዳ በቆዳ የተጠቀለለ አሞሌ አወጣች። ቡሽራ ከራሱ አሞሌ ጎን ቢያቆመው በአንድ ጣት ረዘመ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አሞሌሽ ምን በልታ ነው እንዲህ ያደገችው?" አላት። ሰው ሳቀ።

"ባሌ በሕይወት ሳለ፣ አሞሌ በተጀመረ ሰሞን፣ ግድግዳ ውስጥ የደበቀው ነው። ይኸው የሸኹ ቋጠሮ አለበት" አለች።

"ቋጠሮውን አስመስለሽ ነዋ የመጣሽው! ሰዎች፣ ሐሰተኛ ያዝኩ!"

"ሐሰተኛ ቢሆን አሳጥሬው አልመጣም ነበር?"

"ሌባ ደግሞ መቼ ልክ ያውቃል!" አለ ቡሽራ። ሰው አሁንም ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። በገበያው ሕግ ሐሰተኛ አሞሌ ይዞ የተገኘ ሰው ከነልጆቹ ከገበያው ለዘላለም ይባረር ነበር። ዘሩን ሳትይዝ ከተባረረች ልጆቿ ክረምቱን አይሻገሩም።

ወደ ሸኽ ሚፍታህ ወሰዷት። የገበያው አለቃ ነጋድራስ ፈረጅም መጣ። ሸኹ አሞሌውን ተቀብለው ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"የእጄ ሥራ ነው" አሉ።

ከዚያ አሞሌውን ድንጋዩ ላይ አቁመው ዘንጋቸውን አስጠጉት። ዘንጉ በአንድ ጣት አጠረ። ሸኹ ዘንጉን ገለበጡት። የታችኛው ጫፉ ተፍቆ እንደ ጠጠር ለስልሷል። ሃያ ዓመት በድንጋይና በጨው ላይ ሲቆም፣ በየቀኑ ዓይን የማያየውን ያህል እየተበላ ኖሯል። ሸኹ ስንቱን አሞሌ ሲለኩ፣ ዘንጉን አንድ ቀን እንኳ ለክተውት አያውቁም።

"አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ" አሉ በለሆሳስ።

ነጋድራስ ፈረጅ ነገሩ ገባው። ሸኹን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋቸው።

"ያ ሸኽ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ። ሦስት አገር በዚህች ዘንግ ነው የታሰረው። ዛሬ አጠረች ካልን፣ ነገ ሁሉም የየራሱን ዘንግ ይዞ ይመጣል። ወደ ድሮው ጠብ እንመለሳለን። ቀስ ብለን አዲስ ዘንግ እናስቀርጻለን፤ ማንም አያውቅም።"

"ይህችስ ሴት?"

"ማሽላውን እኔ ከቤቴ እሰጣታለሁ። ጭነት ሙሉ!"

"ስሟንስ ከየት አምጥተህ ትሰጣታለህ?" አሉት።

ሸኽ ሚፍታህ ድንጋዩ ላይ ወጡ።

"ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ። የዚህች ሴት አሞሌ ትክክል ነው። ያጠረው የእኔ ዘንግ ነው። ከእናንተ የማይገባኝን ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ሳላውቅ ነው፤ ግን በልቻለሁ።"

ገበያው በጩኸት ተሞላ። አንድ ግመለኛ ወደ ፊት ወጥቶ፣ "አንተ ሸኽ! ስንት ግመል ጨው በልተህብኛል? ጥምጣም ለዚህ ነው?" አላቸው። የባሕሩ አገር ነጋዴዎች ጨርቃቸውን ጠቅልለው ተነሱ።

ሸኹ ቤታቸው ገብተው የሐጃቸውን ከረጢት ይዘው ወጡ።

"ይህ ሁሉ ከቁራጭ የተጠራቀመ ነው" አሉ። "የትኛው የእኔ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ አላህ ያውቃል፤ እኔ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ሁሉንም ውሰዱ።"

ያ ሲጮህ የነበረው ግመለኛ ድርሻውን ተቀብሎ መሬት መሬት አየ። ቡሽራ ግን በሰው መሀል ሹልክ ሊል ሲል ሸኹ ጠሩት።

"ና ቡሽራ። ሐሰተኛ ያልካት በጩኸት ነው፤ ይቅርታውም በጩኸት ይሁን።"

ቡሽራ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ እማ ሩቅያን ይቅርታ ጠየቀ። ማሽላውንም እስኪፈስ ድረስ ሰፈረላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ነጋድራስ ፈረጅ መንገድ ላይ ቆሞ የባሕሩን ሰዎች ይጠብቅ ነበር። መጡ። "ለኪማ ሞልቷል፤ በራሱ ላይ የሚመሰክር ለኪ ግን ከየት እናገኛለን?" አሉ። ሸኹ ግን ብቻቸውን መለካት እንቢ አሉ። በእማ ሩቅያ አሞሌ ልክ ሦስት ዘንግ ተቀረጸ፤ ለየአገሩ አንዳንድ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ከመከፈቱ በፊት ሦስቱ ዘንጎች ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን እየቆሙ ይተያዩ ነበር።

ነጋድራስ፣ "ሐጅዎ ግን ቀረ፣ ያ ሸኽ" ሲላቸው እንዲህ አሉት፦ "በሰው ገንዘብ ሐጅ የለም። መለኪያውን ያልለካ፣ ሰው አይለካ።" መካን ሳያዩ ሞቱ። አላህ በንይታቸው፣ በልባቸው ባሰቡት፣ ይቀበላቸው።

ኡስታዝ ይህን የነገሩን፣ ጎረቤት አገሮች አንድ ገንዘብ ቢኖራቸው ይሻላል ሲባል በሬዲዮ በሰማን ሰሞን ነው። እኔ ስለ ትልልቅ ነገር አላውቅም። ግን ከተማችን የድንበሩ ኬላ አጠገብ ስለሆነች፣ እናቴ ሽንኩርት ስትሸጥ የሁለት አገር ገንዘብ በእጃችን ያልፋል። ገንዘቡ አንድ ቢሆን ሰው አይታለልም ብዬ አስብ ነበር። በሸኹ አገር ገንዘቡ አንድ ነበር፤ ሰው ግን ሃያ ዓመት ተቆርጦበታል። ያቺን ገበያ ያዳናት፣ እሳቸው ሰው ሁሉ እየሰማ "በልቻለሁ" ማለታቸው ነው። እኔ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ እኔም ለማንም ያልተናገርኩትን ልጻፍ። ባለፈው ረመዳን እናቴ ልትሰግድ ስትገባ እኔ ነበርኩ ሻጯ። ከማዶ የመጣች አንዲት ሴት የአገሯን ገንዘብ ዘርግታ፣ "ልጄ፣ ይህ በእናንተ ስንት ይሆናል?" አለችኝ። ስንት እንደሚሆን አውቅ ነበር። ግማሹን ነገርኳት። እሷም ሽንኩርቷን ተቀብላ፣ "አላህ ያሳድግሽ" ብላ መርቃኝ ሄደች።