የመምህር አስናቀ ወንበር

በአንድ ወቅት፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች ከተማ፣ አዋላጅ ነርሶችን የሚያስተምር ትንሽ የበጎ አድራጎት ኮሌጅ ነበረ። መሥራቹ መምህር አስናቀ ሲሞቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ኮሌጁን ተረከቡ። የባላቸው የቦርድ ወንበር ግን ባዶውን ቀረ። «የሚቀመጥበትን ሰው በሙት ዓመቱ እነግራችኋለሁ» አሉ።

በዚያው ዓመት የተማሪዎቹ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ሆነ። የመዝገብ ፕሮግራም የሚሸጡ ሦስት ሻጮች መጡ፤ ሦስቱም ማሉ፣ ተገዘቱ። በዚያ አገር በቅሎ የሚገዛ ሰው ዐዋቂ ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ዐዋቂውም ከሻጩ ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። የሻጭን ጠላ የጠጣ የበቅሎን ጥርስ አያይም ይላሉ። ወይዘሮ እልፍነሽም በዚሁ ወግ፣ ከማንም ሻጭ ኮሚሽን የማትቀበል አማካሪ፣ ኢንጂነር ትርንጎን አስመጡ።

ትርንጎ ከሁሉ አስቀድማ ሻጮቹን አስፈረመች፦ የኮሌጁ መዝገብ እጁ የገባ ሁሉ፣ በተጠየቀ ቀን፣ ማንም ሊከፍተው በሚችል መልክ ይመልሳል። ከቀረቡት ሁሉ ያማረው የሁለተኛው ሻጭ ነበር፤ መዝገቡ ግን የሚያድረው እሱ ዘንድ ነው። «ቁልፉ በሰው እጅ ያለ ጎተራ የእናንተ አይደለም» ብላ ጣለችው። እዚያው ግቢ በሚቀመጥ ማሽን የሚሠራውን አስገዛች፤ መዝገቡ ከግቢው እንዳይወጣም አዘዘች። «ቅጂውን የሚይዘው መጠባበቂያ ማሽን ከክረምት በኋላ ይደርሳል» አለች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ቢያድግልኝ የኮሌጁ አስተዳዳሪ ነበር። ሁለተኛው ሻጭ ጥብስ ጋብዞታል፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ሰኔ ላይ መዝገቡን በሙሉ ገልብጦ ለዚያው ሻጭ መላኩን ግን ማንም አላወቀም።

ነሐሴ ላይ መብረቅ ወርዶ ማሽኑን አቃጠለው። በማግስቱ ፈታኞች ይመጣሉ። ያዋለደችው ያልተመዘገበላት ተማሪ ለፈቃድ ፈተና አትቀመጥም፤ ተማሪ ያላስፈተነ ኮሌጅ ደግሞ ይዘጋል። ወይዘሮ እልፍነሽ ከተቃጠለው ማሽን ፊት ቆመው ባላቸውን ዳግመኛ የሚቀብሩ መሰላቸው።

«እትዬ፣ መዝገቡ አለ» አለ ቢያድግልኝ። «እኔው ለሁለተኛው ሻጭ ልኬዋለሁ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።»

«የልጆቹን ምስጢር በጥብስ ለወጡት!» አለች ትርንጎ።

«አደራ ነው ያስቀመጥኩት! የወንድሜን ቤት በአንድ ሣጥን ላይ ያንጠለጠልሽውስ አንቺ አይደለሽም?»

«ጅብ ቤት ሥጋ ማስቀመጥ አደራ ይባላል?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ሁለቱንም ዝም አሰኝተው ለሻጩ ደወሉ።

«መጀመሪያ ዕቃዬን ግዙኝ፣ ከዚያ እመልሳለሁ» አለ።

ትርንጎ ስልኩን ተቀበለች። «የፈረምክበት ወረቀት እጄ ላይ ነው። ለሌሎቹ ኮሌጆች ላሳያቸው?»

ከቀትር በፊት መዝገቡ መጣ። ከሰኔ ወዲህ የተመዘገበው ግን የለበትም፤ የክረምቱ ዝናብም ወደ ጤና ጣቢያዎቹ የሚወስደውን መንገድ ቆርጦታል። መምህርቷ ሲስተር ዓለሚቱ ስልክ ይዛ ተቀመጠች። በየጤና ጣቢያው ያሉት አዋላጆች ተማሪዎቹ በክረምት ያዋለዱትን አንድ በአንድ ነገሯት፤ ጻፈች።

በማግስቱ የፈታኞቹ አለቃ ወረቀቱን አገላብጦ «ይህ ወሬ ነው» አለ። «ማን ይመሰክራል?»

ዓለሚቱ የራሷን የሙያ ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ። አንዷ ቃል ሐሰት ብትሆን ይህን ቅደደው። ልጆቼን የማሳድገው በእሱ ነው።»

ፈታኙ የፈቃዷን ቁጥር ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈ። ተማሪዎቹም ለፈተና ተቀመጡ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሲሄዱ፣ ቦርዱ ባዶውን ወንበር ከቦ ተቀመጠ። አንዱ ተነሥቶ «ለማንም ያልወገነችው ትርንጎ ባታስፈርመው ኖሮ ሻጩ ይጫወትብን ነበር» አለ። ሌላው «ማሽኑን ያለ መጠባበቂያ ለክረምት የተወችውስ ማን ናት? ደግሞ ከእኛ ጋር ከተቀመጠች የውጭ ዐዋቂነቷ ያበቃል» አለ። ለቢያድግልኝ የተከራከሩት «ትእዛዝ ቢያከብር ኖሮ ዛሬ የሚመለስ መዝገብ አይኖርም ነበር» አሉ። «ሻጩስ ቅጂ አላስቀረም?» ተባሉ። ለዓለሚቱ ብዙ እጅ ወጣ፤ አንድ ሽማግሌ ግን «በዓይኗ ላላየችው ምላለች» ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሁሉንም ሰሙ። አስናቀ ወንድማቸውን ይወዱ ነበር፣ ከወገን ፍርድ ይሸሹ ነበር፣ ላመኑበትም እንጀራቸውን ያስይዙ ነበር። ከእነዚህ የትኛውን አስናቀ ይከተሉ? እጃቸውን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖሩ።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትቆሙ፣ ወንበሩን ለማን ትሰጡ ነበር?