የአንጓች ማሰሮ

ነገሩ የሆነው በጣም ድሮ ነው። እኔ ከአያቴ ሰማሁት፣ እሷም ከአያቷ ሰማችው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቆጥር የለም። እንግዲህ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ።

ወይራ አፋፍ የሚባል መንደር ነበረ። ከመንደሩ በታች የወይራ ደን ነበረ። ከደኑ ሥር ምንጭ ነበረ። ሌላ ውሃ አልነበረም፤ ወንዙ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

በመንደሩ ዳር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅም አልነበራትም። ሰው ድስቷን ይገዛል፣ ጋኗን ይገዛል፣ በእሷ ገንቦ የተቀዳ ውሃ ይጠጣል፤ ቤቷ ግን አይገባም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ተብሎ ይፈራ ነበር። በበዓል ቀን እንኳ ድርሻዋን ደጇ ላይ አስቀምጠውላት ይሄዳሉ። አንጓች ለምዳዋለች እንጂ አልወደደችውም።

ያኔ አገሩን የያዙት ባላምባራስ ጓንጉል ነበሩ። ከመንደሩ መሬት ከሦስት እጅ ሁለቱ የእሳቸው ነው። ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና አንጓችን አስጠሯት።

«ሃያ ጋን ሥሪልኝ። ሰርጉ የዛሬ ወር ነው» አሏት።

«ጌታዬ፣ በወር ከአራት በላይ አልሠራም። ለመተኮሻ ያለኝ ኩበትና ጭራሮ ለአራት ነው የሚበቃው።»

«ኩበት ማን አለሽ? ወይራው ይቆረጥልሻል።»

«ወይራው ከተቆረጠ ምንጩ ራቁቱን ይቀራል፣ ጌታዬ።»

«የማዶው ባላባት በአሥራ አምስት ጋን ድሯል። እኔ ከእሱ ላንስ ነው?»

አንጓች አራቱን ሠርታ አስረከበች። በወይራ ግን አልተኩስም አለች። ስለዚህ ከሩቅ አገር ሌሎች ሸክላ ሠሪዎች መጡ። ወይራው ተቆረጠ። ጋኑ ደረሰ። ሰርጉ ተደገሰ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ጠገበ። ከሃያው ጋን የስምንቱ ጠላ ሳይነካ ሆመጠጠና ገደል ተደፋ። የተረፈው እንጀራ ሻግቶ ለውሻ ተጣለ። በዚያው ሰሞን ታች ሰፈር ያሉ ሁለት ቤቶች ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ቆልተው ይበሉ ነበር። አንጓች የተደፋውን አየች፤ ዘራቸውን የሚበሉትንም አየች። ምንም ሳትናገር ወደ ጭቃዋ ተመለሰች። ኋላ ግን «ያን ቀን ዝም ማለት አልነበረብኝም» ትል ነበር አሉ።

በዓመቱ በጋ ምንጩ ቀነሰ። ቀድሞ እንደ ክንድ ይወፍር የነበረው ውሃ እንደ አውራ ጣት ቀጠነ። የባላምባራስ ገረዶች ጎህ ሲቀድ ይወርዱና ሃያውን ጋን ለመሙላት ይመላለሳሉ፤ ለፈረሱ፣ ለበቅሎው፣ ለጠላው፣ ለልብስ አጠባው። የታች ሰፈር ሴቶች ሲደርሱ የሚያገኙት ጭቃ ነው። ጭቃውን በነጠላቸው አጥልለው ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሁለት ሴቶች ለአንድ ቅል ውሃ ተደባደቡና ድንቄ የምትባለው ክንዷ ተሰበረ።

በማግስቱ አንጓች አንዲት ማሰሮ ይዛ ወረደች። ምንጩ አፍ ላይ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ቆመች።

«ለአንድ ቤት በቀን አምስት ማሰሮ ነው። ከዚያ በላይ ማንም አይቀዳም። እኔም አልቀዳም፣ ባላምባራስም አይቀዱም» አለች።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ይህች ቤቷ የማይገቡላት ሴት ናት። ነገር ግን ሌላ የተናገረ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ድንቄ ክንዷን እንደታሰረች ተራ ያዘች። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ። የባላምባራስ ገረዶች አምስት ማሰሮ ተሰፍሮላቸው ተመለሱ።

ባላምባራስ ሎሌ ላኩ። ሎሌው ማሰሮዋን ከድንጋይ ጋር አጋጫት። አንጓች ስባሪውን ለቀመች። ቤቷ ወስዳ ወቀጠችው፣ ነፋችው፣ ገሉን ከአዲስ ጭቃ ጋር ለወሰችው። እስከዚያ ሴቶቹ በቅል እየሰፈሩ ቆዩ። በሳምንቱ ሌላ ማሰሮ ይዛ ወረደች።

ባላምባራስ እንደገና ላኩ። ሎሌው እንደገና ሰበረ። አንጓች ስባሪውን ለቀመች፣ ወቀጠች፣ ነፋች፣ ለወሰች። በሳምንቱ ሌላ ማሰሮ ይዛ ወረደች።

ባላምባራስ ለሦስተኛ ጊዜ ላኩ። ሎሌው ወረደና ብዙ ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሰበርካት?» አሉት።

«አልሰበርኳትም፣ ጌታዬ። ስደርስ እናቴ ነበረች የያዘቻት።»

ባላምባራስ ከዚያ ወዲያ ሎሌ አልላኩም።

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነት ተነሡ። እሳቸው በእግራቸው ምንጭ ወርደው አያውቁም። ወረዱና ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ እንዲህ አሉ፦

«አንጓች፣ እኔ ላዝሽ አልመጣሁም። ግን እይልኝ። እኔ ቤት ከነሎሌው ከነገረዱ ሠላሳ ነፍስ አለ። አንቺ ቤት አንድ ነፍስ አለ። ለሁለታችንም አምስት አምስት ነው። ይሄ ልክ ነው?»

ሴቶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት የሰባት ልጆች እናት ግን «እውነታቸውን ነው፤ እኛም ቤት አይበቃም» አለች። ሁሉም አንጓችን ተመለከቱ።

አንጓች ከአምስቱ ማሰሮ አንዱን ትጠጣለች፣ በአራቱ ጭቃዋን ታቦካለች። ጭቃ ካላቦካች ሸክላ የለም። ሸክላ ከሌለ እህል የለም። ይህን ሁሉ በልቧ አሰበች።

«ልክ አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ነፍስ አንድ ማሰሮ ይሁን» አለች።

ለወይዘሮ ጥሩአይነት ሠላሳ ተሰፈረላቸው። ሠላሳ ማሰሮ ለመጠጥና ለወጥ ይበቃል፤ ለጠላና ለልብስ አጠባ አይበቃም። ፈረሶቹና በቅሎዎቹ ወንዝ እየወረዱ መጠጣት ጀመሩ። ለአንጓች አንድ ተሰፈረላት። ሴቶቹ «አንቺማ ጨምሪ፤ ማሰሮውን የሠራሽው አንቺ ነሽ» አሏት።

«ጭቃ አይጠማውም» አለችና አንዷን ማሰሮ ይዛ ሄደች።

ሦስት ወር ሙሉ ሸክላ አልሠራችም። ያላትን ድስት ሁሉ በእህል ለወጠች። እህሉ አለቀ። ከሳች። አንድ ቀን ድንቄ የተቆላ ገብስ ይዛ መጣች። ደጁ ላይ አላስቀመጠችም። ገባች፣ ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች፣ ከአንጓች ጋር ከአንድ ሰፌድ ቆረጠመች። በማግስቱ ሌላዋ መጣች። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ክረምት እስኪገባ ድረስ የአንጓች ቤት ሰው ያልገባበት ቀን አልነበረም።

ዝናብ ሲጥል ባላምባራስ ወይራ እንዲተከል አዘዙ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ማሰሮዋን ግን ዳግመኛ የነካ የለም። የተተከለው ወይራ ጥላ እስኪሆን ብዙ ዓመት ፈጀ። አንጓች ያን ሳታይ ሞተች። በመንደሩ የለቅሶ ሥርዓት የተቀበረች የመጀመሪያዋ ሸክላ ሠሪ እሷ ናት ይላሉ።

እስከ ዛሬ ድረስ ወይራ አፋፍ ምንጭ አጠገብ አንዲት ማሰሮ አለች። ስትሰበር አትጣልም፤ ትወቀጥና ገሏ በአዲሷ ውስጥ ይገባል። በበጋ ውሃ ሊቀዳ የመጣ ሰው የማን ልጅ ነህ ተብሎ አይጠየቅም። ምን ያህል ሀብት አለህም አይባልም። «ስንት ነፍስ ናችሁ?» ነው የሚባለው።

አምና አንድ የከተማ ሀብታም ቦቴ መኪና ይዞ መጣ። ምንጩን የምትጠብቀው አሮጊት «ስንት ነፍስ ናችሁ?» አለችው።

«ለሆቴል ነው፣ እማማ። የመዋኛ ገንዳ ልሞላበት ነው» አላት።

«ገብቶኛል። ስንት ነፍስ ናችሁ?»

ሰውየው ወደ ቦቴው ዞር ብሎ አየ። ተራ የያዙትንም ሴቶች አየ።

«እኔና ሹፌሩ ነን» አለ።

ሁለት ማሰሮ ቀድታ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሄዱ።